ስለ መሬት ልክና ስለ ባላገር እምነት፤ ከአሜሪካ ምዕራብና ከምሥራቅ ጎጃም የተገኘ ትምህርት

መሬትን መለካት ሲያዩት ቀላል ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን ከመንግሥት ሥራዎች ሁሉ ብርቱ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። ገመዱን ሁለት ሰዎች ይይዙታል፤ ሦስተኛው ይቈጥራል፤ አራተኛው ይጽፋል፤ በዚህም ሥራው ያለቀ ይመስላል። ይሁን እንጂ ገመድ በተዘረጋበት ስፍራ ሁሉ ባለመሬቱ በልቡ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ይህ ልክ የሚሰጠኝ ነው ወይስ የሚወስድብኝ?» የሚል ነው። ሹም ለዚህ ጥያቄ አስቀድሞ መልስ ያልሰጠ እንደ ሆነ፥ መልሱን ወሬ ይሰጥለታል።

የመሬት ልክ በራሱ ደግም ክፉም አይደለም። አንዱ ገመድ ለአንዱ ሰው ርስት ሲያወርስ ሌላውን ከርስቱ ሲነቅል ታይቷል። ይህ ትምህርት የተጻፈው በምሥራቅ ጎጃም፥ በተለይም በቢቸናና በሞጣ፥ በ1960 ዓ.ም. የሆነውን ነገር ከነምክንያቱ ለማስረዳት ነው። ነገሩም ይበልጥ እንዲብራራ በሰሜን አሜሪካ ሰፊው የምዕራብ ምድር ተለክቶ ሲከፈል፥ የምድር ባቡር ሲዘረጋና ፋብሪካ ሲበዛ ከታየው ጥቅምና ጉዳት ጋራ ይመሳከራል። ስለ አሜሪካ የሚነገረው ዘመን በአውሮፓ አቈጣጠር፥ ስለ ኢትዮጵያ የሚነገረው ግን በኢትዮጵያ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

1ኛ፤ የአሜሪካ ምድር እንዴት እንደ ተለካ

የአሜሪካ ሕዝብ ከእንግሊዝ አገዛዝ በወጣ ጊዜ አዲሱ መንግሥት ብዙ ዕዳ ነበረበት፤ ገንዘብ ግን አልነበረውም። ስለዚህ በምዕራብ በኩል ያለውን ምድር እየለካ ለመሸጥ በ1785 ዓ.ም. ሥርዓት አወጣ። በዚህ ሥርዓት ምድሩ እያንዳንዱ ጐኑ 6 ማይል በሆነ አራት ማዕዘን ተከፈለ። ይህም እንደ ገና በ36 ክፍል ተከፋፍሎ፥ እያንዳንዱ ክፍል 640 ኤከር፥ ይኸውም ወደ 259 ሄክታር ሆነ። ከ36ቱም ክፍል 16ኛው ለትምህርት ቤት መርጃ እንዲቀር ታዘዘ። መለኪያው 66 ጫማ ርዝመት ያለው የብረት ሰንሰለት ነበር፤ በእኛ ዘመን ልክ 20 ሜትር ያህል ነው።

በ1862 ዓ.ም. የሰሜኑና የደቡቡ ክፍል እርስ በርሱ ሲዋጋ ሳለ፥ በፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ዘመን ሦስት ታላላቅ ሕጎች በአንድ ዓመት ወጡ። አንደኛው ሕግ አባወራ ወይም ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ሰው 160 ኤከር መሬት መርጦ፥ ጥቂት የመዝገብ ገንዘብ ከፍሎ፥ ቤት ሠርቶና አርሶ 5 ዓመት ቢቀመጥበት መሬቱ በስሙ እንዲጸናለት የሚያዝ ነበር። ሁለተኛው ሕግ እስከ ምዕራቡ ባሕር የሚደርስ የምድር ባቡር እንዲሠራ ፈቀደ። ሦስተኛው በየክፍለ ግዛቱ ከመንግሥት መሬት ሽያጭ በሚገኝ ገንዘብ የእርሻና የእጅ ሥራ ኮሌጅ እንዲቋቋም አደረገ።

160 ኤከር ማለት ወደ 65 ሄክታር ነው፤ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ተብሎ ቢታሰብ ከአንድ ጋሻ ተኩል የሚበልጥ ነው። ባል የሌላት ሴትም በስሟ እንድታስመዘግብ ሕጉ አልከለከለም። ይህ ሕግ ሲሠራበት በቈየበት ዘመን ሁሉ ወደ 1 ሚሊዮን 600 ሺሕ ሰዎች የባለቤትነት ወረቀት ተቀበሉ፤ የተሰጠውም መሬት 270 ሚሊዮን ኤከር ያህል ደረሰ።

በዚህ ነገር ልብ ሊባል የሚገባው የሰፋሪው ሁኔታ ነው። ሰፋሪው ገና ከቤቱ ሳይነሣ የመሬቱን ልክ፥ የክፍሉን ቍጥር፥ የሚከፍለውን ገንዘብ፥ የሚቀመጥበትን ዘመንና በመጨረሻ የሚቀበለውን ወረቀት ያውቅ ነበር። ስለዚህ ሰንሰለት የያዘውን ሰው ባየ ጊዜ ደስ አለው እንጂ አልፈራም፤ ሰንሰለቱ ለእርሱ የሚሰጥ እንጂ የሚወስድ አልነበረምና።

2ኛ፤ ስለ ምድር ባቡር፥ ስለ ፋብሪካና ስለ ሠራተኛ

ምድሩ ቢለካም እህሉ ገበያ ካልደረሰ ዋጋ የለውም። ከምሥራቅና ከምዕራብ የተዘረጋው የምድር ባቡር ሐዲድ ሜይ 10 ቀን 1869 ዓ.ም. በዩታ ምድር ፕሮሞንተሪ በሚባለው ስፍራ ተገናኘ። ከምዕራብ በኩል ተራራውን እየፈለጡ ሐዲዱን የዘረጉት አብዛኞቹ ቻይናውያን ነበሩ፤ ከምሥራቅ በኩል የሠሩት አየርላንዳውያንና ከጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ይበዙባቸዋል። በ1860 ዓ.ም. በአገሩ 30 ሺሕ ማይል ያህል የነበረው ሐዲድ በ1900 ዓ.ም. ከ190 ሺሕ ማይል በላይ ሆነ። የእህልና የከብት ገበያ የነበረችው የቺካጎ ከተማ በ1860 ዓ.ም. 112 ሺሕ ያህል ሰው ሲኖርባት፥ ከ40 ዓመት በኋላ ሕዝቧ ወደ 1 ሚሊዮን 700 ሺሕ ደረሰ።

መንግሥቱ ለባቡር ኩባንያዎች ደመወዝ በመስጠት ፈንታ በሐዲዱ ግራና ቀኝ ካለው ከተለካው ምድር አንዱን ክፍል እየሰጠ፥ አንዱን ክፍል ለራሱ እያስቀረ ሄደ፤ በዚህም ወደ 130 ሚሊዮን ኤከር ያህል ለኩባንያዎቹ ተሰጠ። ኩባንያዎቹ ሐዲዱንም መሬቱንም በያዙ ጊዜ የገበሬው ኑሮ በእጃቸው ወደቀ። ገበሬው ስንዴውን የሚጭንበት ሌላ መንገድ ስላልነበረው የጠየቁትን ኪራይ ይከፍል ነበር፤ የእህል ዋጋ ሲወድቅ ደግሞ ዘርና ማረሻ የገዛበት ዕዳ ይጫነው ነበር። በዚህ ምክንያት ከ1867 ዓ.ም. ጀምሮ ገበሬዎች ማኅበር አቋቁመው አቤት ማለት ጀመሩ፤ የባቡርን ኪራይ የሚቈጣጠር የመላው አገር ሕግ ግን የወጣው በ1887 ዓ.ም. ነው። አቤቱታ ሲጀመርና መልስ ሲገኝ 20 ዓመት አለፈ።

የሠራተኛውም ነገር እንዲሁ ነበር። በ1877 ዓ.ም. የባቡር ኩባንያዎች ደመወዝ በቀነሱ ጊዜ ሠራተኛው ሥራ አቆመ፤ ሁከቱም ከከተማ ወደ ከተማ ተዛመተ። በ1886 ዓ.ም. የሥራ ሰዓት በቀን 8 ሰዓት ይሁን ብለው ሠራተኞች በተነሡ ጊዜ በቺካጎ በሄይማርኬት አደባባይ ቦምብ ተጣለ፤ ከፖሊስም ከሕዝብም ሰው ሞተ፤ በኋላም አራት ሰዎች ተሰቀሉ። በ1894 ዓ.ም. የባቡር ፉርጎ የሚሠራው የፑልማን ኩባንያ የሠራተኛውን ደመወዝ ቀንሶ፥ ሠራተኛው ከኩባንያው የተከራየበትን ቤት ኪራይ ግን ሳይቀንስ ስለ ቀረ አድማ ተነሣ፤ አድማውንም ለመስበር መንግሥት ጦር ላከ። የምድር ባቡር ሠራተኞች የ8 ሰዓት ሥራ በሕግ ያገኙት በ1916 ዓ.ም. ነው። ሀብቱ በፍጥነት አደገ፤ ሸክሙን ለተሸከመው ሰው ጆሮ መስጠት ግን ዘገየ፤ በዚህም መዘግየት ደም ፈሰሰ።

3ኛ፤ ያው ሰንሰለት የወሰደባቸው ሕዝቦች

የአሜሪካ መንግሥት የለካው ምድር ባዶ አልነበረም። ከነጮቹ በፊት ብዙ ዘመን የኖሩበት፥ ያደኑበትና ያረሱበት ነባር ነገዶች ነበሩ። እነዚህ ነገዶች ምድሩን በማኅበር ይይዙት ነበር እንጂ ለአንድ ሰው በቍጥር የተከፈለ አልነበረም። ሰፋሪው እየበዛ ሲሄድ በጦርነትና በውል ስም ወደ ጠባብ ክልል ተገፉ።

በ1887 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ ሕግ ወጣ። ሕጉን የደገፉት ሰዎች ብዙዎቹ ለነባሮቹ በጎ ያደረጉ ይመስላቸው ነበር፤ ነባሩ ሰው የራሱ መሬት ቢኖረው ጎበዝ ገበሬ ይሆናል ይሉ ነበርና። ስለዚህ የነገዱ የማኅበር ምድር ተለክቶ ለእያንዳንዱ አባወራ 160 ኤከር እንዲሰጠው፥ ከዚህ የተረፈው ግን ለሰፋሪ እንዲሸጥ ታዘዘ። የተሰጠውም መሬት ውሎ አድሮ በሽያጭ፥ በዕዳና በግብር ምክንያት ከእጃቸው ወጣ። ሕጉ ሲወጣ 138 ሚሊዮን ኤከር ያህል የነበረው የነባሮቹ ይዞታ በ1934 ዓ.ም. ወደ 48 ሚሊዮን ኤከር ዝቅ አለ።

እንግዲህ ያው ሰንሰለት፥ ያው 160 ኤከር ነው። ከአውሮፓ በድህነት ለመጣው ሰፋሪ ርስት ሆነ፤ በአገሩ ለነበረው ሰው ግን ከርስት መነቀያ ሆነ። ልዩነቱ ከመለኪያው አልነበረም፤ ከመለካቱ በፊት መሬቱ የማን ነበር፥ ከተለካስ በኋላ የማን ይሆናል ከሚለው ነበር።

ይህ ታሪክ ከኢትዮጵያ የራቀ አይደለም። በኦክላሆማ ለነባሮቹ ተከልሎ ከነበረው ምድር ከፊሉ ኤፕሪል 22 ቀን 1889 ዓ.ም. ለሰፋሪ ተከፈተ፤ ብዙ ሺሕ ሰውም በፈረስና በሠረገላ እየተሽቀዳደመ መሬት ያዘ። በዚያው አገር በ1890 ዓ.ም. የእርሻ ኮሌጅ ተቋቋመ። ይኸው ኮሌጅ በ1944 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋራ በተደረገ ስምምነት መምህራን ልኮ የጅማን የእርሻ ትምህርት ቤትና የዓለማያን የእርሻ ኮሌጅ አቋቋመ። የኢትዮጵያ ገበሬ ከዚያ ትምህርት ብዙ ተጠቅሟል። ትምህርቱን የሚቀበል ሰው ግን የአሜሪካን እርሻ ብልጽግና ብቻ ሳይሆን ብልጽግናው የተገኘበትንም መንገድ ማወቅ ይገባዋል።

4ኛ፤ ቀላድ በኢትዮጵያ

በአሜሪካ ምዕራቡ በሚለካበት በዚያው ዘመን በኢትዮጵያም ቀላድ የሚባለው የገመድ ልክ ይሠራበት ጀመር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ደቡብ በተስፋፋው ግዛት መሬቱ በቀላድ እየተጣለ በጋሻ ተቈጠረ። ከተለካውም መሬት በብዙ ስፍራ ሲሶው ለአገሩ ባላባት ሲቀር፥ የቀረው ለመንግሥት፥ ለቤተ ክርስቲያን፥ ለሹምና ለወታደር ተደለደለ። ከዚህ የተነሣ አስቀድሞ ባለመሬት የነበረው የአገሩ ሰው በብዙ ስፍራ በገዛ መሬቱ ላይ ጭሰኛ ሆነ።

ይህ ወሬ በነጋዴና በወታደር አፍ ዐባይን ተሻግሮ ጎጃም ደርሶ ነበር። ስለዚህ የጎጃም ባላገር «ቀላድ» የሚለውን ቃል በሰማ ጊዜ የሰማው የገመድ ስም ብቻ አልነበረም፤ ከቀላድ በኋላ የሚመጣውንም ነገር ነበር። ብዙ ሹማምንት ይህን ፍርሃት ባለማወቅ የመጣ ድንቍርና አድርገው ቈጥረውት ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ አልነበረም፤ ባላገሩ የፈራው በሌላው ላይ የደረሰውን አይቶ ነው።

5ኛ፤ የቢቸናና የሞጣ ነገር

የምሥራቅ ጎጃም ሕዝብ መሬቱን የሚይዘው በርስት ነበር። ርስት ማለት መጀመሪያ አገሩን ካቀና አባት በአባትም በእናትም ተወልዶ የሚወረስ ድርሻ ነው። ባለርስቱ ትውልዱን ቈጥሮ ካስመሰከረ ድርሻ ይጠይቃል፤ ስለዚህ አንዱ ገበሬ በልዩ ልዩ አጥቢያ ጥቂት ጥቂት ጥማድ ይዞ ይገኛል፤ አንዱንም ማሳ ዛሬ አንዱ ቢያርሰው ነገ ሌላው የሥጋ ዘመድ ሊካፈለው ይችላል። ግብሩም ቢሆን በማሳ ስፋት የሚቈጠር አልነበረም፤ በአገሩና በአባት ስም ከጥንት ጀምሮ የተወሰነ ነበር።

እንዲህ ባለው አገር አንድ ማሳ ለክቶ በአንድ ሰው ስም መጻፍ ቀላል ነገር አይደለም። አራሹን ባለቤት አድርጎ ይጽፈዋል፤ ያላረሱትን ዘመዶቹን ግን ከርስት ያስወጣቸዋል። ሴት ልጅ ወደ ሌላ አገር አግብታ ብትሄድ፥ ወንድም በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ወይም በውትድርና ርቆ ቢቀመጥ፥ ሲመለሱ የሚጠይቁት ድርሻ በመዝገቡ ምክንያት ሊጠፋባቸው ነው። በዚህ ላይ ደግሞ የተለካ መሬት የሚሸጥና የሚለወጥ ይሆናል፤ ገንዘብ ያለው ሰውም ይገዛዋል ተብሎ ተፈራ። «በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» የሚለው የአገሩ አነጋገር የሚገልጸው ይህን ነው። በቅዱስ መጽሐፍም ንጉሥ አክዓብ የናቡቴን ወይን በዋጋ ወይም በተሻለ ወይን ሊለውጠው በጠየቀ ጊዜ ናቡቴ እንቢ ያለው ዋጋው አንሶበት አልነበረም፤ የአባቶቹ ርስት ስለ ነበረ ነው።

ጠላት ከአገር ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የመሬት ግብር ዐዋጅ ወጣ። በዚህ ዐዋጅ መሬት ለም፥ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ በሦስት ተከፍሎ በጋሻ እንዲገብር ተወሰነ። በጎጃም ግን መሬቱ በጋሻ የተቈጠረ ስላልነበረ ግብሩን በዐዋጁ መሠረት ለመጣል አስቀድሞ መለካት ያስፈልግ ነበር፤ ሕዝቡም ልኩን አልቀበልም አለ። ሕዝቡ መንግሥትን የጠላ አልነበረም፤ በወረራው ዘመን ቢቸናና አካባቢዋ በበላይ ዘለቀ የሚመሩ አርበኞች ጠላትን ሲወጉ የኖሩበት አገር ነው። መንግሥትም ነገሩን አይቶ በ1937 ዓ.ም. በወጣው ሌላ ዐዋጅ ጎጃም፥ በጌምድርና ትግራይ ከወረራው በፊት በነበረው ልማድ እንዲገብሩ ፈቀደ። በ1942 ዓ.ም. በግብር ምክንያት ሁከት እንደ ገና ተነሣ። ሹማምንቱም ሕዝቡም ከዚህ ሊማሩበት የሚችሉበት ጊዜ ነበራቸው።

በኅዳር ወር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ወጣ። የዐዋጁ አሳብ በራሱ የሚነቀፍ አልነበረም። አስራት ይቀርና በእርሱ ፈንታ እያንዳንዱ ገበሬ ከምርቱ በሚያገኘው ገቢ መጠን ይገብራል፤ ብዙ የሚያገኝ ብዙ፥ ጥቂት የሚያገኝ ጥቂት ይከፍላል የሚል ነበር። ነገር ግን ገቢውን ለማወቅ ገማቾች በየማሳው መግባት፥ ስፋቱንና ምርቱን መገመት፥ የባለማሳውንም ስም መጻፍ ነበረባቸው። የሞጣና የቢቸና ባላገር ይህን ባየ ጊዜ ስሙ የተለወጠ ቀላድ መጣ አለ። አስቀድሞም በልዩ ልዩ ምክንያት በሚጠየቀው መዋጮና ክፍያ፥ በሹማምንቱም አያያዝ ተማርሮ ነበር። ያን ጊዜ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቍ ሥላሴ ነበሩ።

ባላገሩ መጀመሪያ ያደረገው ጠመንጃ ማንሣት አልነበረም። ሽማግሌ መርጦ እስከ አዲስ አበባ ድረስ አቤቱታ ላከ። አቤቱታው የሚያረካ መልስ ስላላገኘ ገማቾችን ከአጥቢያው አላስገባም አለ። ከዚያ በኋላ ፖሊስና ጦር ታዘዘበት፤ ገበሬውም በመሣሪያው ተከላከለ። በ1960 ዓ.ም. ነገሩ እየባሰ ሄዶ መንደሮች በአውሮፕላን እስከ መደብደብ ተደረሰ፤ ቤት ተቃጠለ፤ ሰውና ከብት አለቀ።

መጨረሻው ምን ሆነ? መንግሥት ግብሩን በጎጃም ለማስከፈል አልቻለም። ገዥው ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛወሩ፤ የቈየው ውዝፍ ግብርም ለሕዝቡ ተማረ። ያ ሁሉ ሰው ሳይሞት፥ ያ ሁሉ ቤት ሳይቃጠል ሊደረግ ይችል የነበረው ነገር ከጥፋቱ በኋላ ተደረገ። መንግሥት ግብሩንም የሕዝቡንም እምነት አጣ፤ ባላገሩም የቤተ ሰቡን ሕይወትና ንብረቱን አጣ። ከዚህ ያተረፈ ወገን አልነበረም።

6ኛ፤ ገመዱ እንደ ገና በምሥራቅ ጎጃም

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት መሆኑ ታወጀ፤ ርስትና ጉልት፥ ባለመሬትና ጭሰኛ የሚለውም ሥርዓት ቀረ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደ ገና ሲሸነሸን በምሥራቅ ጎጃም ገመድ ተዘረጋ። መሬት ላልነበራቸው ወጣቶችና ሴቶች መሬት ተገኘላቸው፤ ነገር ግን ባለፈው መንግሥት በቀበሌ ሹመት የነበሩ ብዙ ገበሬዎች «ቢሮክራሲ» ተብለው ይዞታቸው ወደ 1 ሄክታር፥ ይኸውም ወደ 4 ጥማድ እንዲያንስ ተደረገ። ከጎጃም የተነሡ ገበሬዎችም አቤቱታቸውን እስከ አዲስ አበባ አሰሙ። ገመዱ ለአንዱ ሰጥቶ ከሌላው ስለ ወሰደ፥ የድሮው ፍርሃት በብዙ ቤት ታደሰ።

ከዚህ በኋላ በ1990ዎቹ ዓመታት የክልሉ መንግሥት የይዞታ ምዝገባ ጀመረ። የሙከራው ሥራ ከተጀመረባቸው ስፍራዎች አንዱ በምሥራቅ ጎጃም የሚገኘው የጎዛምን ወረዳ ነበር። በዚህ ጊዜ የአሠራሩ ሁኔታ ከ1960 ዓ.ም. በብዙ ተለየ። የሚለካው ከሩቅ የመጣ ገማች አልነበረም፤ የቀበሌው ነዋሪ የመረጠው ኮሚቴ ነበር። ወሰኑ የሚታወቀው አዋሳኞቹ ቆመው ሲመሰክሩ ነው። የተጻፈው ነገር ለሕዝብ ተገልጦ ቅር ያለው ሰው እንዲናገር ጊዜ ይሰጠው ነበር። በመጨረሻም ባለይዞታው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በእጁ ተቀበለ፤ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት ከሆነ የሁለቱም ስምና ፎቶግራፍ በደብተሩ ላይ ሆነ።

ችግር አልነበረም አይባልም። የወሰን ክርክር ነበር፤ ሚዛን ያጡ ኮሚቴዎችም ታይተዋል፤ ከ1989 ዓ.ም. የቀረ ቅሬታም ነበር። ነገር ግን አባቶቻቸው ገማችን ከአጥቢያ የመለሱ ሰዎች ልጆች ገመዱን ራሳቸው ጐተቱት። ሕዝቡ አልተለወጠም፤ ምድሩም ያው ነው። የተለወጠው ገመዱን የያዘው እጅና ከገመዱ በኋላ የሚመጣው ነገር ነው።

7ኛ፤ ለገዥዎች፥ ለወረዳ ሠራተኞችና ለባለመሬቶች የሚሆን ምክር

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት በአጭር ቃል ሲነገር እንዲህ ነው።

አንደኛ፥ ከመለካት በፊት መናገር ይቅደም። የሚለካው ለምን እንደ ሆነ፥ ከተለካ በኋላ ምን እንደሚደረግና ምን እንደማይደረግ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፥ በመስጊድ፥ በገበያና በቀበሌ ስብሰባ ግልጥ ሆኖ ይነገር። አንድ ጊዜ የተነገረ አይበቃም፤ የራቀ ሰውም ይሰማ ዘንድ ይደጋገም።

ሁለተኛ፥ ለአንድ ጉዳይ የተለካ ልክ ባላገሩ ሳያውቅ ለሌላ ጉዳይ አይዋል። ለማረጋገጫ ደብተር ነው ተብሎ የተጻፈ ስፋት በድንገት ለአዲስ ግብር ወይም ለመዋጮ መጣያ የሆነ እንደ ሆነ፥ በሚቀጥለው ጊዜ እውነት የሚናገር ባላገር አይገኝም። ግብር የሚጣልበት ከሆነ ከመጀመሪያው ግብር ነው ተብሎ ይነገር።

ሦስተኛ፥ ያልተገኙት ሰዎች ይታሰቡ። የሞተበት፥ የታመመ፥ ለሥራ ወደ ቆላ ወይም ወደ ከተማ የሄደ፥ አግብታ የራቀች ሴት፥ ወላጅ የሌለው ሕፃን፥ በልክ ጊዜ ስለ ራሳቸው ሊናገሩ አይችሉም። ገመዱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጐዳው እነዚህን ስለ ሆነ፥ መዝጋቢው ስለ እነርሱ ጠይቆ ሳይጽፍ መዝገቡን አይዝጋ።

አራተኛ፥ በምድሩ ላይ ሌላ ሕዝብ ወይም ሌላ ልማድ መኖሩ ይመርመር። የጋራ ግጦሽ፥ የውሃ መውረጃ፥ የደን ይዞታ፥ የመቃብር ቦታ ማንም አላረሰውምና ባዶ ነው ተብሎ አይጻፍ። የአሜሪካ መንግሥት የነባሮቹን ነገዶች ምድር ባዶ ብሎ በመቍጠሩ ያመጣው ጥፋት እስከ ዛሬ የሚያከራክር ሆኗል።

አምስተኛ፥ ሽማግሌ አቤት ሲል በጊዜው መልስ ይሰጠው። መልሱ እንቢታ ቢሆን እንኳ ምክንያቱ ተጽፎ ይነገረው። የአሜሪካ ገበሬ በባቡር ኪራይ ምክንያት 20 ዓመት አቤት አለ፤ የፋብሪካ ሠራተኛው የ8 ሰዓት ሥራ እስኪያገኝ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ የሞጣና የቢቸና ሽማግሌዎችም መጀመሪያ የመጡት በእግራቸው ነበር እንጂ በጠመንጃ አልነበረም። በጊዜው የሚሰማ አቤቱታ የሚያስወጣው አንድ ቀን ነው፤ ዘግይቶ የሚሰማ ግን ሰው ያስፈጃል።

ስድስተኛ፥ መዝገብ ሕያው ይሁን። ሰው ሲሞት፥ ሲጋባ፥ ሲፋታ፥ መሬቱን ለልጁ ሲያካፍል መዝገቡ ካልታደሰ በጥቂት ዓመት ውስጥ ደብተሩ ሌላ፥ ማሳው ሌላ ይሆናል። ያን ጊዜ ደብተሩ የሰላም ማስረጃ መሆኑ ይቀርና የክርክር መነሻ ይሆናል።

ሰባተኛ፥ ባለይዞታዎች ደግሞ የራሳቸው ግዴታ አለባቸው። በልክ ጊዜ ወሰን መግፋት፥ የጎረቤትን ምልክት መንቀል፥ የወንድምን ወይም የእኅትን ድርሻ በራስ ስም ማስጻፍ ከሹም በደል የማይተናነስ በደል ነው። ሹሙን «እውነት ይናገር» የሚል ባለመሬት ራሱም እውነት መናገር ይገባዋል።

አሜሪካ በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ የሠራችው የእርሻና የፋብሪካ ሥራ ታላቅ ነው፤ የሚያስቀናም ነው። ኢትዮጵያም መሬቷን ማወቅ፥ መመዝገብ፥ መንገድ መዘርጋትና የባላገሩን እህል ገበያ ማድረስ ይገባታል፤ የቢቸና ጤፍ በደጀን ወርዶ ዐባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ መድረሱ ለአራሹም ለበላተኛውም ጥቅም ነው። ነገር ግን ልማት የሚጸናው ባላገሩ የራሱ ነው ብሎ ሲይዘው ነው። ገመድ መሬትን ይለካል፤ ሹም ደግሞ በሥራው ይለካል። በቢቸናም ሆነ በሞጣ ወይም በሌላ ስፍራ ገመድ ይዞ የሚወጣ ሰው ሁሉ ባላገሩ በልቡ ለሚጠይቀው ጥያቄ መልሱን አዘጋጅቶ ይውጣ።